የሰፈራችን አስፋልት መሰንጠቅ ጀመረ፤ አሁን እንንካው ወይስ እስኪበላሽ እንጠብቅ?

የቡልቡላዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ቡልቡላ አካባቢ በማኅበር የተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው የምንኖረው። ከስድስት ዓመት በፊት ነዋሪው አዋጥቶ የውስጥ መንገዳችንን አስፋልት አስነጠፍን። ርዝመቱ 400 ሜትር ያህል ነው፣ ስፋቱ 6 ሜትር። ከዚያ በፊት ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የምናደርሰው ቦት ጫማ አድርገን፣ ትንንሾቹን አዝለን ነበር። አስፋልቱ የተነጠፈ ቀን ሰፈሩ ቡና አፍልቶ ነው የዋለው።

አሁን ግን መሰንጠቅ ጀምሯል። መሃል ለመሃል አንድ ረጅም ስንጥቅ አለ፣ እርሳስ ይገባበታል። ዳርና ዳሩ ላይ ደግሞ ቀጫጭን ስንጥቆች አሉ። ዋናው በር ጋ፣ ሲኖዎች አሸዋና ድንጋይ ጭነው የሚገቡበት ቦታ፣ የአዞ ቆዳ የሚመስል ነገር ወጥቶበታል። እዚያው ትንሽ ጉድጓድም ተከፍቷል። ጥቁር የነበረው አስፋልት ግራጫ ሆኗል። ሌላው ግን ደህና ነው፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያልፍ ሰው ምንም አይሰማም።

የኮሚቴው ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ ሦስት ሐሳብ ወጣ። አንዱ ወገን "ገና ነው፣ ገንዘቡን እናጠራቅምና ሲበላሽ እንደ አዲስ እናስነጥፈዋለን" ይላል። ሌላው "ካሁኑ ከላይ አንድ ድርብ አስፋልት እናልብሰው" ይላል። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በነፃ አምጥተን እንቀባው፣ ጥቁረቱም ልስላሴውም ይመለሳል አሉ። ሰው ተከራክሮ ሳይስማማ ነው የተለያየነው። የሚቀጥለው ስብሰባ ከመስቀል በኋላ ነው። ያለን ገንዘብ ብዙ አይደለም። እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ቤዝኮርስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የተቃጠለ ዘይቱን አስቁሚልኝ። ሌላውን ተረጋግተን እንነጋገራለን።

አስፋልት በአብዛኛው ጠጠር ነው። ጠጠሩን አንድ ላይ የያዘው ሬንጅ ነው። ሬንጅ ከድፍድፍ ነዳጅ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ናፍጣና ዘይት ያሟሙታል። ጋራዥ በር ላይ፣ ወይም ሚኒባሶች ቆመው የሚውሉበት ቦታ ያለውን አስፋልት ልብ ብለሽ እዪው። ለስልሶ ጠጠሩ በጫማ ሲገፋ ይወጣል። በነፃ የመጣው ዘይት መንገዳችሁን እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ ያ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መንገድ ሥራ ላይ ከ15 ዓመት በላይ ነኝ፣ ግማሹን ጥገና ላይ ነው ያሳለፍኩት። የነገርሽን ስንጥቆች በሦስት ከፍለሽ እዪያቸው፣ ምክንያታቸውም መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

የመሃሉ ረጅም ስንጥቅ መጋጠሚያ ነው ብዬ እገምታለሁ። 6 ሜትር መንገድ ብዙ ጊዜ የሚነጠፈው ማሽኑ ሁለቴ ተመላልሶ ነው፣ ሦስት ሦስት ሜትር። የመጀመሪያው ግማሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለተኛው ሲነጠፍ መሃል ላይ እንደ ልብስ ስፌት ደካማ መስመር ይቀራል። ሬንጁ ሲያረጅ በዚያ በኩል ይከፈታል። የዳሩ ስንጥቅ ደግሞ ከአፈራችሁ ነው። ቡልቡላ ጥቁር አፈር ነው፣ ኮትቻ። ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከአስፋልቱ ስር መሃሉ ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፣ ዳሩ ግን ቶሎ ይደርቃልና ይሸሻል፣ አስፋልቱም አብሮት ይሄዳል። ዳር ላይ ባሕር ዛፍ ካላችሁ ደግሞ ይባስ ይጠጣዋል። የበሩ የአዞ ቆዳ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። እዚያ የደከመው ላዩ ብቻ አይደለም፣ መሠረቱ ነው።

ግራጫ መሆኑ የእርጅና ምልክት ነው። ፀሐይና አየር ሬንጁን ያደርቁታል። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ፀሐያችን ቀዝቃዛ ትመስላለች እንጂ ጨረሯ ኃይለኛ ነው። አዲስ አስፋልት ጎማ ሲያልፍበት ትንሽ ተጣጥፎ ይመለሳል። ያረጀው መታጠፍ ስለሚያቅተው ይሰነጠቃል።

እስከዚህ ድረስ ምንም አያስፈራም። የሚያስፈራው በስንጥቁ የሚገባው ውሃ ነው። ከአስፋልታችሁ ስር ቤዝኮርስ አለ፣ በሮሎ የተጠቀጠቀ የተፈጨ ድንጋይ። ደረቅ ሲሆን እንደ ግንብ ነው፣ የፈለገውን ይሸከማል። ውሃ ሲገባበት ግን ጎማ ባለፈ ቁጥር ውሃው ይጨመቅና ድንጋዮቹን ያያዘውን ደቃቅ ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። ስሩ ባዶ ይሆናል። ከዚያ አስፋልቱ የሚደገፍበት ያጣና በትንሽ በትንሹ ይሰባበራል፣ የአዞ ቆዳ ያልሽው ያ ነው፣ ከዚያ ቁራጮቹ ይነቀሉና ጉድጓድ ይሆናል። አንድ ክረምት ይበቃዋል።

ስለዚህ "ገና ነው፣ ደህና ነው" የሚሉት ጎረቤቶችሽ ደህና መሆኑ ላይ ልክ ናቸው። መንካት ያለባችሁ ግን ደህና ሳለ ነው።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ መንገዱን በእግርሽ ሂጂበት። ላዩ ሲደርቅ ስንጥቆቹ እንደ ጥቁር ክር እርጥብ ሆነው ይቀራሉ። የት የት ለረጅም ጊዜ እንደሚያረጥብ በጠመኔ አክብቢ። ከስንጥቁ ጎን ነጣ ያለ ወይም ቡናማ የጭቃ ቅሪት ካየሽ፣ እዚያ መሠረቱ እየታጠበ ነው ማለት ነው። ውሃ የሚተኛበትንም ምልክት አድርጊ። ከዚያ ተመልሰሽ ንገሪኝ።

የሂሳብ ሰው

ይቅርታ፣ እኔ ከሌላ ሰፈር ነኝ ግን ተመሳሳይ ነገር ደርሶብናል። እውነቴን ነው የምለው፣ ጥገና የሚባለው ነገር ገንዘብ ማባከን ሆኖብናል። ከሁለት ዓመት በፊት ጉድጓዶቻችንን ኮንትራክተር አምጥተን አስሞላን። ሐምሌ ላይ ነበር። በወሩ ሁሉም ተነቀለ። ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ይሻል ነበር ያሉት ሰዎች ትክክል ሆኑ። ኢንጂነር፣ ስንጥቅ መሙላቱስ ከዚህ በምን ይለያል? በዓመቱ ተመልሶ ቢከፈትስ?

ቤዝኮርስ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ የብዙ ሰው ምሬት ነው። ግን "ሐምሌ ላይ ነበር" ስትል መልሱን አብረህ ተናግረሃል።

ጉድጓድ የሚሞላው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ዙሪያው ጤነኛ አስፋልት እስኪገኝ ድረስ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል፣ ግድግዳው ቀጥ ብሎ። ጭቃውና ውሃው ወጥቶ ይደርቃል። ታቹ የላላ ከሆነ ቤዝኮርሱ ይቀየርና ይጠቀጠቃል። ከዚያ ታቹም ግድግዳውም ቀጭን ሬንጅ ይቀባል፣ ይህ እንደ ሙጫ ነው። ትኩስ አስፋልት ይገባል፣ ጥልቅ ከሆነ በሁለት ዙር። ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል ይጠቀጠቃል፣ ሳይቀዘቅዝ። መጨረሻ ላይ ከነባሩ መንገድ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይተዋል፣ ጎማ ሲሄድበት ይስተካከላል። መጋጠሚያው በሬንጅ ይታሸጋል።

እናንተ ጋ የሆነውን አላየሁትም። ግን ሐምሌ ላይ እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሳይቆረጥ፣ ሳይቀባ፣ ከሩቅ የመጣ የቀዘቀዘ አስፋልት ተደፍቶ በአካፋ ጀርባ ከተመታ፣ አንድ ወር መቆየቱም ያስገርማል። ትኩስ አስፋልት ከማሽን ሲወጣ 150 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ80 ወይም 90 ከወረደ በኋላ ብትደበድበውም አይጠቀጠቅም። የተሠራው ሥራ ስላልጸና ጥገና አይረባም ማለት ይከብዳል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በሰፈር ልክ እናስላው። የእህታችን መንገድ 2,400 ካሬ ሜትር ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ድርብ ቢለብስ 96 ሜትር ኪዩብ ይሆናል፣ በክብደት ከ220 ቶን በላይ አስፋልት። ከዚያ ውስጥ ወደ 11 ቶኑ ሬንጅ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ። በስስ የሚለበጠው፣ ስለሪ ሲል የሚባለው የደቃቅ ጠጠርና የኢመልሽን (ውሃ የተቀላቀለበት ሬንጅ) ድብልቅ ቢሆን ግን 20 ቶን ገደማ ይበቃል። ስንጥቆቹን ብቻ መሙላት ከሆነ ጥቂት በርሜል ነው። ስንጥቅ ሞልታችሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግማችሁ ብትሞሉ እንኳ ከድርቡ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የመንገዶች ኤጀንሲ ያወጣው አንድ ስሌት አለ፣ በሙያው ውስጥ ሁሌ የሚጠቀስ። በጊዜው ያልተጠገነ መንገድ ከሦስት ዓመት በኋላ የመጠገኛ ዋጋው 6 እጥፍ ይሆናል፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 18 እጥፍ። የዓለም ባንክም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት አፍሪካ በአሥር ዓመት ውስጥ 12 ቢሊዮን ዶላር ለወቅታዊ ጥገና ብታወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ትድን ነበር ብሏል። እዚህም የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ነዳጅ ስትቀዳ ከምትከፍለው ላይ ለጥገና የሚሄድ ድርሻ አለ።

ባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ወለድ ያገኛል። መንገዱ ግን ወለዱን እየጠበቀ አይቆምም።

የካምፑ ልጅ

ልጆቼ፣ በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልጨምር። ያደግኩት አውራ ጎዳና ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማርና የጥገና ቡድን ካቦ ነበር፣ በደብረ ሲና መስመር። መንገዱ በክፍል በክፍል ተከፍሎ ለየቡድኑ ይሰጥ ነበር። የእርሱ ክፍል እንደ እርሻው ነበር የሚያየው። ድንጋይ ከተንከባለለበት ማታም ቢሆን ይወጣል።

ሥራቸው ምን ነበር መሰላችሁ? አብዛኛው ጊዜ አስፋልቱን አይነኩትም። ቦይ ነው የሚጠርጉት። ግንቦት ሲገባ አባቴ ቤት አይገኝም። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ብርሃን በወዲያኛው በኩል ካልታየው ሰው ያስገባና ያስጠርጋል። ሣሩን ከመንገዱ ትከሻ ያስልጣል፣ ምክንያቱም ሣርና አፈር ዳር ላይ ሲከማች ውሃው ወደ ቦዩ መውረድ ያቅተውና አስፋልቱ ላይ ይቆማል። "ውሃው መንገድ ካገኘ መንገዱን አይነካም" ይል ነበር።

የአገራችንንም ታሪክ አትርሱ። ጣሊያን የሠራቸው መንገዶች ጣሊያን ከወጣ በኋላ የሚጠግናቸው አጥተው በአሥር ዓመት ውስጥ አብዛኛው ተበላሽቷል። እ.ኤ.አ. በ1950 የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ሲያበድር 5 ሚሊዮን ዶላሩ የሄደው መንገድ ለማደስ ነው። አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመውም በ1943 ዓ.ም. በዚያው ምክንያት ነው። ተሠርቶ ያለቀን ነገር መልሶ ለመሥራት ነው የተበደርነው። ይህንን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ልጄ፣ የሰፈራችሁን ቦይ አይተሽዋል? ከቻልሽ ሂጂና እዪው። ሃይላንዱና ፌስታሉ ሞልቶት ከሆነ ከሬንጅ በፊት እርሱን።

ሲኖ ሹፌር

የበሩን ነገር እኔ ልንገርሽ እህቴ፣ እኛ ነን የሠራነው። እውነቱን መናገር ይሻላል። አሸዋ የሚያዘው ሰው "ሞላ አድርገህ አምጣ" ይላል፣ እኛም እንሞላለን። ዋጋው በቢያጆ ነው፣ ሰው ሁለት ቢያጆ ከሚከፍል አንዱን ከነቁልሉ ይፈልጋል። ከዚያ በሩ ጋ ቆመን ዘበኛ እስኪከፍት እንጠብቃለን፣ መሪ አዙረን እንነሳለን። ያ ቦታ ነው የሚጎዳው። ቆሞ መጠበቅና ጎማን ቆሞ ማዞር አስፋልቱን ይጠመዝዘዋል።

ከተቻለ ግንባታ ላይ ያሉ ቤቶች አሸዋቸውን በአይሱዙ እንዲያስገቡ ኮሚቴው ይወስን። በተለይ ክረምት ላይ።

ቤዝኮርስ

@ሲኖ ሹፌር እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ፣ ይህን የሚል ሹፌር ትልቅ ሰው ነው።

ለሌሎቻችሁ ቁጥሩን ልንገራችሁ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ መንገድ ሠርተው ሆን ብለው በከባድ መኪና አስረገጡት። ከዚያ የተገኘው ሕግ እስካሁን እንሠራበታለን፦ ጉዳቱ የሚያድገው በአክስሉ፣ ማለትም የግራና የቀኙን ጎማ በሚያገናኘው ዘንግ፣ ክብደት አራተኛ ኃይል ነው፤ ክብደቱ እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ 2×2×2×2፣ 16 እጥፍ ይሆናል። 10 ቶን የሚጭን አክስል 12 ቶን ሲሆን ክብደቱ የጨመረው በ20 ከመቶ ነው፣ ጉዳቱ ግን እጥፍ ነው። 13 ቶን ሲሆን ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። አንድ ቶን የምትመዝን የቤት መኪና አክስል ደግሞ ከ10 ቶኑ ጋር ስትተያይ 10,000 ጊዜ ብትመላለስ ነው አንዴ ያለፈውን የምታክለው። የሰፈራችሁን መንገድ የነዋሪው መኪና አልጎዳውም ማለት ነው። እርጥብ መሠረት ላይ የሚሄድ ከባድ ጭነት ነው የጎዳው። የወንድማችን የአይሱዙ ሐሳብ ከብዙ በርሜል ሬንጅ ይበልጣል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ከሜሪላንድ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ ግን የምኖርበት ግቢ የነዋሪዎች ማኅበር ቦርድ ውስጥ አለሁ፣ ይሄ ጉዳይ በየጊዜው ይነሳል። እዚህ አገር መንገድ ላይ ጥቁር ጥቁር እባብ የመሰለ መስመር ያያችሁ እንደሆነ ስንጥቅ የተሞላበት ነው። መጀመሪያ እንደመጣሁ የተበላሸ መንገድ ምልክት ነበር የሚመስለኝ። የተንከባከቡት መንገድ ምልክት መሆኑን የተረዳሁት ቦርድ ከገባሁ በኋላ ነው።

እዚህ ችግሩ በረዶ ነው። ስንጥቅ ውስጥ የገባ ውሃ ይረጋና ይሰፋል፣ አስፋልቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ስለዚህ ከበረዶው ወቅት በፊት ይሞላል። የእናንተ በረዶ የሌለበት ሆኖ ጥቁር አፈር አለ፣ ነገሩ ያው ነው።

ከቅባት ጋር በተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ። ሁሉም ጥቁር ቅባት አንድ አይደለም። ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚሠራ ማሸጊያ እዚህ ለመኪና ማቆሚያ በሰፊው ይቀባ ነበር። ለካንሰር የሚያጋልጥ ኬሚካል እንዳለውና ታጥቦ ወንዝ እንደሚበክል ታውቆ የቴክሳሷ ኦስቲን መጀመሪያ ከለከለችው፣ ዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የእኛው ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2012። ነጋዴ ጥቁር ነገር በባልዲ ይዞ ሲመጣ ከምን እንደተሠራ ጠይቁት።

ሌላው፣ እኛ በየወሩ ከምንከፍለው ላይ ለመንገድ ተብሎ የሚቀመጥ አለ። ለሌላ ነገር አይነካም። መጀመሪያ ላይ ሰው ያጉረመርማል፣ ግን ድንገት "በቤት ይህን ያህል አምጡ" መባል የለም። እንደ እድር ቁጠሩት።

የቡልቡላዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ትኩረት ትሰጡታላችሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጋሼ፣ ስለ አባትዎ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብኩለት። ነፍሳቸውን ይማር።

ትናንት ከሰዓት ዘነበ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጠመኔ ይዤ ወጣሁ። ሦስት ልጆች ተከተሉኝ፣ እነርሱ ናቸው ያከበቡት። የመሃሉ ስንጥቅ አብዛኛው በሁለት ሰዓት ውስጥ ደረቀ። አንድ ቦታ ግን፣ 15 ሜትር ያህል፣ እስከ እኩለ ቀን እርጥብ ነበር፣ ቡናማ ጭቃም ጎኑ አለ። ዙሪያውን ስናይ አንዱ ቤት የልብስ ማጠቢያ ውሃውን በግቢው ቱቦ ወደ መንገዱ ነው የሚለቀው። የዝናብ ብቻ አልነበረም። በበጋም ስንጥቁ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ባለቤትየውን አናገርኳት፣ ምንም አላወቀችም ነበር፣ በጣም ደነገጠች። በዚህ ሳምንት ወደ ፍሳሽ መስመሩ ታዞረዋለች።

ቦዩን አየነው ጋሼ። ግማሹ በአፈር፣ ግማሹ በሃይላንድ ተሞልቷል። በሩ ጋ ያለው ቱቦ ጭራሽ ተደፍኗል። ለዚህ ነው በሩ ጋ ውሃው የሚተኛው። እሑድ ወጣቶቹ ሊጠርጉ ተስማምተዋል።

ኢንጂነር፣ ቀጥሎ በምን እንጀምር? ድርቡን ይተዉት ይላሉ?

ቤዝኮርስ

ጎበዝ። የልብስ ማጠቢያውን ውሃ በማግኘትሽ ግማሽ ሥራ ሠርተሻል።

ድርቡን ለአሁኑ ተዉት። የተሰነጠቀ አስፋልት ላይ ድርብ ብታለብሱ ያው ስንጥቅ በጥቂት ዓመት ወደ ላይ ይወጣል። ሌላም ጣጣ አለ። መንገዱ በ4 ሴንቲ ሜትር ሲያድግ ማንሆሎቹ ይሰምጣሉ፣ የዳር ድንጋዩ ያጥራል፣ የግቢ በሮች ውሃ ይገባባቸዋል። በከተማችን ደጋግመን ያየነው ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን። ቦዩና ቱቦው አሁን ይጠረግ። በሩ ጋ ያለውን የአዞ ቆዳ ቆርጣችሁ እስከ መሠረቱ አውጡት፣ ስንጥቅ መሙላት እዚያ ቦታ ላይ ዋጋ የለውም። ቤዝኮርሱ ተቀይሮ፣ ተጠቅጥቆ፣ ከላይ ትኩስ አስፋልት። ቡናማ ጭቃ ያየሽበት 15 ሜትር ደግሞ ውሃው ከተቋረጠ በኋላ ሁለት ወር ጠብቁት። ሲረገጥ የሚንቀሳቀስ ወይም የወረደ ቦታ ካለው እርሱም ይቆረጣል፣ ከሌለው ይታሸጋል።

ስንጥቅ የሚሞላው በጋ ላይ ነው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ደስ ይለኛል። ቅዝቃዜ ስለሆነ ስንጥቁ ከፈት ይላል፣ ደረቅም ነው። በኮምፕሬሰር አየር አቧራውና ሣሩ ይውጣ። ሣሩን ከነሥሩ። ሦስት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ስንጥቅ በጎማ ወይም በፖሊመር በተሻሻለ ሬንጅ ሙሉት፣ ካልተገኘ በኢመልሽን። ከጣት የሚሰፋ ካለ በአሸዋና በኢመልሽን ድብልቅ። ከላይ ደቃቅ ጠጠር በተን አድርጉበት፣ አለዚያ ጎማ ላይ ተጣብቆ ይነሳል። ቀጫጭኖቹን የዳር ስንጥቆች አንድ በአንድ አታሳድዱ፣ በሚቀጥለው ዓመት አቅም ካላችሁ በስለሪ ሲል በአንዴ ይሸፈናሉ፣ ግራጫውም ወደ ጥቁረቱ ይመለሳል።

ኢመልሽን ውሃ አለበት። ሲቀባ ቡናማ ነው፣ ውሃው ሲለየው ይጠቁራል። ሳይጠቁር መኪና እንዳይነካው። የኅዳር ማታ ብርድ ስለሆነ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጀምራችሁ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ አቁሙ፣ ፀሐይ ታድርቀው።

በርሜል በእንጨት እሳት የሚያሞቅ ሠራተኛ ከመጣ ደግሞ ልጆቹን አርቁልኝ። እርጥብ በርሜል ውስጥ የገባ ትኩስ ሬንጅ አረፋ ሆኖ ይፈነዳል። ከ190 ዲግሪ በላይ የተቃጠለ ሬንጅ ለመንገዱም አይረባም፣ ደርቆ ይሰባበራል። ሰው ላይ ከደረሰ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ማብረድ ነው፣ ከቆዳው ላይ አትላጡት፣ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የሂሳብ ሰው

እኔም ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት እችላለሁ። ለሰፈራችን ኮሚቴ ይህንን ገጽ ልኬላቸዋለሁ። ጥቅምት ላይ እኛም በጠመኔ እንወጣለን። ኢንጂነር፣ ኮንትራክተር ስንቀጥር ውሉ ላይ ምን እንጻፍ?

ቤዝኮርስ

ቢያንስ አራት ነገር ይጻፍ። ጉድጓዱ በአራት ማዕዘን እንደሚቆረጥ። ዝናብ ባለበት ቀን እንደማይሠራ። አስፋልቱ ቦታው ላይ ሲደርስ በቴርሞሜትር እንደሚለካ። ከክፍያው የተወሰነው እስከሚቀጥለው ክረምት ማለቂያ ድረስ እንደሚያዝ። የመጨረሻውን አይወዱትም፣ እናንተ ግን አትልቀቁት። አንድ ክረምት ያልፈተነውን ጥገና ተሠራ አንበል።

የቡልቡላዋ

እሑድ ቦዩን ጠረግን። 31 ሰው ወጣ። የወጣውን ቆሻሻ ሁለት አይሱዙ አነሳው። በሩ ጋ ያለው ቱቦ ሲከፈት የቆመው ውሃ ሁሉ በአንዴ ጭልጥ ብሎ ሄደ፣ ልጆቹ ጮኹ።

ስብሰባውም ተደረገ። የተቃጠለ ዘይት ያሉት ጎረቤታችን ምክንያቱን ስነግራቸው ራሳቸው ተነስተው "ተሳስቼ ነበር" አሉ፣ አሁን የኮንትራክተር ፈላጊው ቡድን ውስጥ ገብተዋል። ድርቡ ቀርቷል። ሲኖ ከእንግዲህ አይገባም፣ አሸዋና ድንጋይ በአይሱዙ ብቻ ተብሏል። ከየቤቱ በየወሩ ለመንገድ ብቻ የሚቀመጥ ትንሽ መዋጮ ተወስኗል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እንዳልሽው ወይም እንዳልከው።

በጠመኔ ያከበብናቸው በሙሉ በስልኬ ተነስተዋል፣ ከየትኛው ቤት በር ፊት ለፊት እንደሆኑ ጭምር ጽፌያለሁ። 43 ቦታ ነው። የበሩ ቆረጣ ኅዳር 8 ይጀመራል። ያን ቀን ከቤዝኮርሱ ስር ምን እንደተገኘ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።